ደመናው የዘፈነ ዕለት

ትራፊኩ ይሉታል። መኪና አስቁሞ አያውቅም፤ ሥራው ከክሬን ሥር ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ በእጁ ማዘዝ ነው። አንሳ፣ አውርድ፣ ወደ ግራ፣ ቀስ፣ ቁም። ሌላው ሰው በአፉ የሚጨርሰውን እሱ በጣቱ ይጨርሰዋል። ቤቱ ገብቶ እንኳ ጨው ያስፈለገው እንደሆነ ጣቱን ወደ ጨው ዕቃው ይቀስራል፤ ሚስቱም፣ «እዚህ ቤት ክሬን የለም፣ በአፍህ ጠይቅ» ትለዋለች።

ከላይ ካቢኑ ውስጥ የሚቀመጠው ደግሞ ደመናው ነው። እሱም ቢሆን ይህን ስም ያወጣለት ሥራው ነው። ጠዋት መሰላሉን ይዞ ከወጣ ምሳውም ሻዩም እዚያው ነው፤ የሚወርደው ሰው ሁሉ ልብሱን ቀይሮ ሲጨርስ ነው። ሚስቱ የትራፊኩ ታናሽ እህት ናት። ያገናኛቸው ትራፊኩ ነው፤ «ዕቃ ሲያወርድ አይቼ ነው እህቴን የሰጠሁት» ይላል፣ ሲቀልድም ሳይቀልድም። እውነቱን ነው። ደመናው አንድ እስር ብረት ከሰማይ አውርዶ መሬት ላይ ሲያሳርፍ፣ ያንቀላፋ ሕፃን አልጋ ላይ እንደሚያስተኛ አባት ነው። ኮሽታ የለውም።

ድሮ በሁለቱ መካከል የነበረው እጅና ዓይን ብቻ ነበር። ኋላ አሠሪው የእጅ ሬዲዮ ገዛና ለፎርማኑ፣ ለፌሮ ሠራተኞቹ አለቃ፣ ለበያጁ፣ ለትራፊኩና ለደመናው አደለ። ሁሉም የሚያወሩት በአንድ መስመር ነው። አንዱ ቁልፉን ተጭኖ ሲናገር ሌላው ሁሉ ይሰማል፤ እስኪለቀው ድረስ ግን ማንም መልስ መስጠት አይችልም፣ ቢጮህም ለራሱ ነው። ይቺን ነገር ልብ በሏት፤ ጉዱ የፈላው በእሷ ነው።

ደመናው ደግሞ አንድ አመል አለው። ሁለት እጁ ከክሬኑ እጀታዎች ስለማይላቀቅ፣ ሬዲዮውን በመቀመጫው መደገፊያ ላይ በጎማ ላስቲክ ያስረውና መናገር ሲፈልግ ቁልፉን በክርኑ ይጫናል። ፎርማኑ አንድ ቀን ይህን አይቶ፣ «ተው፣ ይሄ ላስቲክ ጉድ ይሠራሃል» አለው። ደመናው ሳቀበት። ያኔ የሚስቅ ሰው ነበር። በሬዲዮ ቀልድ ያወራል፣ ፎርማኑን እየኮረጀ «ቶሎ ቶሎ፣ ሲሚንቶ አማት አይደለም፣ አይጠብቃችሁም» ይላል፤ ፎርማኑ በሌለበት ነው እንግዲህ።

ከዚያ አንድ አናጺ ወደቀ።

በበጋ ነው የሆነው። አናጺው ከላይኛው ሶሌታ፣ ከኮንክሪቱ ወለል፣ ጠርዝ ላይ ጣውላ ሲነቅል ነበር፣ የወገቡን ገመድ ፈትቶ ወደ ሌላው ጥግ ሲሻገር አዳለጠው። የክሬኑ ጥፋት አይደለም፤ ክሬኑ ያን ሰዓት ወደ ሌላ ጎን ዞሮ ቆሟል። የፌሮ ሠራተኞቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ብረት ያስሩ ነበር። መሬት ያሉት ያዩት መሬት ከደረሰ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከሁሉ በላይ ተቀምጦ የነበረው ደመናው።

ቀበሩት። አንድ ቀን ሥራ ቆመ፣ በማግስቱ ሲሚንቶ መጣ። ሰዉ «ሥራ ነው እንግዲህ» እየተባባለ አካፋውን አነሳ። ማልቀስ የፈለገ ሽንት ቤት ገብቶ አለቀሰ፣ መጠጣት የፈለገ ማታ ጠጣ። ደመናውን «አንተስ፣ ምን አየህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ምን ብሎ ይጠይቀዋል? ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ፣ ትራፊኩም ጭምር።

ከዚያ በኋላ መንጠቆው መወዛወዝ ጀመረ። ሌላው ሰው አያየውም፤ ትራፊኩ ግን ያንን መንጠቆ እንደ ሚስቱ አረማመድ ነው የሚያውቀው። ዕቃው መሬት ሲነካ ጓ ይላል። አንድ ጠዋት መሰላሉ ሥር ደመናው ከደረት ኪሱ ኪኒን አውጥቶ ያለ ውሃ ሲውጥ አየው። «ራሴን አሞኝ ነው» አለው። ሌላም ቀን ራሱን አመመው፣ በሌላውም ቀን። በዚህ መሃል እህቱ መጥታ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ባሌ ምን ሆኗል? ማታ ማታ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል። ሳናግረው ሌላ አገር ያለ ሰው ይመስል ዘግይቶ ነው የሚመልስልኝ» አለችው። ትራፊኩ፣ «ድካም ነው፣ ክሬን ላይ መዋል ቀላል መሰለሽ?» አላት። እሱም ራሱ ይህን ማመን ፈለገ። ለፎርማኑ ቢናገር የእህቱ ባል እንጀራው ይቆረጣል፤ ባይናገር አንድ ቀን ብረቱ ሰው ላይ ይወርዳል። በዚህ ሐሳብ ሲብሰለሰል ሳምንታት አለፉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሌላውን በሽታ የሚደብቅስ ምን እንደሚባል ተረት አልተተረተለትም።

ዕለቱ ደረሰ። ደመና የሌለበት ጠዋት ነበር። ትራፊኩ አንድ ትልቅ እስር ፌሮ በሰንሰለት አስሮ፣ አጥብቆ፣ በሬዲዮ «አንሳ» አለ። ብረቱ ከመሬት ተላቅቆ ሽቅብ ሄደ። የፌሮ ሠራተኞቹ ላይኛው ሶሌታ ላይ ሆነው ይጠብቁታል።

ብረቱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ሬዲዮው ዘፈነ።

መጀመሪያ ትራፊኩ የሰማውን አላመነም። የድሮ የፍቅር ዘፈን ነው፤ ግጥሙ ግማሹ ተረስቷል፣ ዜማው ሙሉ በሙሉ ተረስቷል። ደመናው ለራሱ እያንጎራጎረ ነው። ላስቲኩ ተንሸራቶ ቁልፉ ላይ ወጥቶበት፣ ተጭኖት ቀርቷል፤ እሱ ምን ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ሳቅ ከየአቅጣጫው ተነሳ። በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጠፈ። የፌሮ ሠራተኞቹ አለቃ ጓደኞቹ እንዲሰሙ የእሱን ወደ ላይ ያዘው። ትራፊኩ ቁልፉን ተጭኖ፣ «ደመናው፣ ሬዲዮህ ክፍት ነው፣ ኧረ ተሰምተሃል» አለ። ማን ሊሰማው። መስመሩን የያዘው ደመናው ነው።

ዘፈኑ አለቀና ደመናው ወደ ቀልዱ ገባ፤ ለወራት ያልተሰማ ቀልድ። «ቶሎ ቶሎ፣ ሲሚንቶ አማት አይደለም» አለ በፎርማኑ ድምፅ፣ ያቺኑ የአፍንጫ ድምፅ ሳይቀር። «እኔ በናንተ ዕድሜ ቁርሴን የምበላው እየሮጥኩ ነበር።» ፎርማኑ ከመጋዘኑ በር ላይ ሬዲዮውን ይዞ ቆሞ ነበር። ሰዉ እሱን አየና ሳቁን ዋጠ። ፎርማኑ ግን ከበሩ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ደመናው ድምፁን ቀየረ።

«ስሚኝማ» አለ። «ተቀመጪ። አይ... ተቀመጪ ካልኳት ትደነግጣለች። ቆማ ይሻላል። ስሚኝማ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፣ እንዳትደነግጪ። አሁን ይሄ ያስደነግጣል እንጂ ምን ያደርጋል? የኔ ነገር። እንደገና። ስሚኝማ።»

ትራፊኩ ገባው። ሰውየው ለሚስቱ የሚለውን እያጠና ነው።

«ሰውየው ከወደቀ ወዲህ አልተኛሁም። እንቅልፍ እንዲወስደኝ ኪኒን ጀመርኩ። ከዚያ ጠዋት እንድነቃ ሌላ ኪኒን። ከዚያ ደግሞ መሰላሉን እንድወጣ፣ እጄ እንዲረጋ። አሁን ያለሱ ሰው አይደለሁም። ዛሬ ማታ እንድነግርሽ ብዬ፣ ንጹሕ ሆኜ ልንገራት ብዬ፣ ከትናንት ጀምሮ አልዋጥኩም። እጄ ግን ይንቀጠቀጣል። ይኸው፣ እያየሁት ይንቀጠቀጣል።»

በዚያ ሰዓት ብረቱ ከሰው ራስ በላይ ተንጠልጥሏል። የሚስቅ ሰው የለም። በያጁ እሳቱን አጥፍቶ ቆሟል።

«ሌላም አለ» አለ ድምፁ፣ ዝቅ ብሎ። «ይሄንን እንኳ አልነግራትም። የካቢኑን በር ከፍቼ የቆምኩበት ቀን አለ። እሱ የወደቀበትን እያየሁ። ሄጄ ለመቅረት አልነበረም... ወይም ነበር፣ አላውቅም። ነፋሱ ቀዘቀዘኝና ዘጋሁት። አይ፣ ይሄንንም ልንገራት። አንዱን ነግሬ አንዱን ብደብቅ ምን ዋጋ አለው?»

ትራፊኩ በጣም ፈራ። እህቱን አሰበ፣ ያንን በር አሰበ፣ ያንን ሁሉ ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ብሎት «ደህና» ሲለው አምኖ መሄዱን አሰበ። ከኋላው የሚሮጥ ሰው ሰማ፤ ፎርማኑ ነው። አሁን ሊጮህ ነው፣ ሊሳደብ ነው፣ ደመናውን እንደ ቆሻሻ ሊጠርገው ነው ብሎ ዞረ።

ፎርማኑ ግን በሹክሹክታ ነው የተናገረው፣ እላይ ያለው ሰው የሚሰማው ይመስል። «ሰዉን ከሥር አስወጥቻለሁ። አንተ ብረቱን አውርድልኝ። በሬዲዮ አይሆንም። በእጅህ።»

ትራፊኩ ወደ ግልጡ ሜዳ ወጣ፣ ከካቢኑ የሚታይበት ቦታ ላይ ቆመ፣ እጁን ዘረጋ። ሬዲዮ ከመጣ ወዲህ እጁ ሰንፎ ነበር፤ አሁን ግን ራሱ አስታወሰ። መጀመሪያ፣ ቁም።

«ምን ሆነ ይሄ ትራፊክ?» አለ ሬዲዮው። «ሬዲዮ እያለው በእጁ ያወራል። ባትሪው አልቆ ይሆናል።» ብረቱ ግን ቆመ። የስንት ዓመት ልማድ ነው፤ እጁን ካየ ይታዘዛል።

ወደ ቀኝ። ብረቱ ዞረ፣ ከሕንጻው ራቀ። አውርድ። ቀስ። በጣም ቀስ። ትራፊኩ አንዱን መዳፍ ከሌላው በላይ ይዞ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ አወረደው። ብረቱ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ቁም ይለዋል፣ እስኪረጋ ይጠብቃል፣ እንደገና ቀስ። «እሺ፣ እሺ፣ አየሁህ» ይላል ሬዲዮው። «እጄን ማየት ትቼ አንተን ልይ። አንተን ካየሁ ይሻለኛል።» ይህን ሲሰማ የትራፊኩ ዓይን በእንባ ሞላ፣ ግን መጥረግ አይችልም፤ እጁ ሥራ ላይ ነው። ብረቱ መሬት ነካ፣ ጓ አለ፣ ተኛ። ትራፊኩ ሁለት እጆቹን ደረቱ ላይ አጣመረ። ይህ ምልክት፣ ጨርሰሃል፣ ሁሉንም ቆልፍና አቁም ማለት ነው። የክሬኑ ሞተር ዝም አለ።

ቀጥሎስ? «ወንድሜ፣ ሁላችንም ሰምተንሃል» የሚል የእጅ ምልክት የለም። ትራፊኩ አሰበ አሰበና መሰላሉን ጨበጠ።

ይህ ሰው በሕይወቱ ክሬን ላይ ወጥቶ አያውቅም። «እግሬ መሬት ካልነካ ምሳዬ ሆዴ ውስጥ አይረጋም» የሚል ሰው ነው፤ ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል የምትቀይርለት ሚስቱ ናት። አሁን ፎርማኑ የወገብ ገመዱን በገዛ እጁ አስሮለት፣ ስቦ ፈትሾለት፣ «በየእርከኑ መንጠቆውን እያያዝክ፣ ወደ ታች ሳታይ» አለው። ወጣ። ወገቡ ላይ ያለው ሬዲዮ እየቀጠለ ነው።

«ያ ትራፊኩ ነው እንዴ? ወደኔ እየወጣ ነው? ሰውየው አብዷል። አምላኬ፣ ወደ ታች ማየት የማይችል ሰው! ቀኝ እግርህን... ኧረ ቀኝ! አይሰማኝም እኮ።» ትራፊኩ በደንብ ይሰማዋል፤ ቀኝ እግሩን አስተካከለ። «እንዲያ። ጎሽ። አሁን እጅህን። አትቸኩል፣ እኔ የትም አልሄድም።»

ያቺን ቃል ሲሰማ ነው ትራፊኩ መሰላሉ ላይ እንዳለ ትንፋሹ የተመለሰለት።

ደመናው ከላይ መዝጊያውን ከፍቶ እጁን ሰደደለትና ጎትቶ አስገባው። የሚንቀጠቀጥ እጅ የሚንቀጠቀጥ እጅ ያዘ፤ የማን እንደሚብስ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ትራፊኩ ካቢኑ ወለል ላይ ተዘርግቶ፣ መናገር ቢያቅተው፣ እንደ አመሉ ጣቱን ቀሰረ፤ ወደ መቀመጫው፣ ወደ ሬዲዮው። ቀይ መብራቷ በርታለች። ላስቲኩ ቁልፉ ላይ ተጋድሟል።

ደመናው አየ። 

«ከየት ጀምሮ?» አለ።

«ከዘፈኑ» አለ ትራፊኩ።

«ዘፈኑንም?»

«እውነቱን ልንገርህ አይደል፣ ከሁሉም የከፋው ዘፈኑ ነው።»

ደመናው ሊስቅ አፉን ከፈተ፣ የወጣው ግን ለቅሶ ነበር። ትራፊኩ ከወለሉ ተነስቶ አቀፈው። እዚያች ለሁለት ሰው ጉልበት እንኳ በማትበቃ ካቢን ውስጥ ተቃቅፈው አለቀሱ፣ መስመሩም እንደ ተከፈተ ነው፤ ታች ያለው ሰው ሁሉ ራሱን አጎንብሶ ሰማ። ኋላ ደመናው አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና ላስቲኩን አነሳ። ቀይዋ መብራት ጠፋች። ሁለቱም ሬዲዮውን እያዩ ጠበቁ። አሁን የሚመጣው ድምፅ የማን እንደሆነ ያውቃሉ።

«ደመናው» አለ ፎርማኑ።

«አቤት፣ ጋሼ።»

«በመጀመሪያ፣ እኔ በአፍንጫዬ አላወራም።»

ደመናው ትራፊኩን አየው።

«ሁለተኛ» አለ ፎርማኑ። «ያንን ልጅ የቀጠርኩት እኔ ነኝ። አናጺውን። እኔም አልተኛሁም። አንተ ኪኒን አገኘህ፣ እኔ ጠርሙስ አገኘሁ፣ ልዩነታችን ይኸው ነው። የምትባረር መስሎህ ከሆነ እኔም አብሬህ መባረሬ ነው፣ ፎርማን ደግሞ ራሱን አያባርርም። አሁን ውረዱ። ቀስ ብላችሁ። ምንም የሚያስቸኩል ነገር የለም።»

ይህ ሰው «የሚያስቸኩል ነገር የለም» ሲል ማንም ሰምቶት አያውቅም። በያጁ በሬዲዮው መሃል ገባና፣ «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አለ። የፌሮ ሠራተኞቹ አለቃ ደግሞ ቀጠለ፤ «እኔ እንኳ ማታ ማታ ስሙን እየጠራሁ እነቃለሁ አሉ፣ ሚስቴ ናት የነገረችኝ» አለ።  

ሁለቱ ወደ ቤት የሄዱት ገና ከምሳ በፊት ነበር። እህትየው በር ላይ ስታያቸው በዚያ ሰዓት፣ በሥራ ልብሳቸው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ የያዘችውን ድስት ጣለችው። የሥራ ቦታ ሰው ያለ ሰዓቱ ቤት ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ ማንኛዋም ሚስት ታውቃለች። «ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም» አለ ደመናው። «ስሚኝማ፣ ተቀመጪ... አይ፣ ቁሚ።» ያጠናው ሁሉ ጠፋበት። «ኪኒን ለምጃለሁ። እጄ አይረጋም። ያ በር... የካቢኑ በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ። አሁን ግን እዚህ ነኝ። ልታከም እፈልጋለሁ።»

እሷ እዚያው ወለሉ ላይ፣ ድስቱ አጠገብ ተቀመጠች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ይነቀነቅ ጀመር፤ ትራፊኩ ልትንሰቀሰቅ ነው ብሎ ጠጋ ሲል እየሳቀች ነው፣ እንባዋም እየወረደ።

«እኔ እኮ» አለች፣ «እኔ እኮ ሌላ ሴት የያዝክ መስሎኝ፣ ሦስት ወር ሙሉ ኮትህን ሳሸትት ኖርኩ። የማትታወቅ ሴት ስረግም። ያችን ምስኪን እንዴት አድርጌ እንደ ረገምኳት!» ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ፣ የባሏን ቁርጭምጭሚት ያዘች፣ እንዳይሄድ እንደሚያዝ ልጅ። «በሩ ላይ ቆምክ?» አለች። «ቆሜ ነበር።» «ሁለተኛ ስትቆም ትነግረኛለህ። ከመቆምህ በፊት።» «እነግርሻለሁ» አላት። እንደ ቃሉም አንድ ጊዜ ነግሯታል፣ ያኔም ሦስቱም ተያይዘው ወደ ሕክምና ሄደዋል።

ያን ዕለት ከሰዓት የሄዱባት ሐኪም ቁጣ አልነበራትም። የመጀመሪያው ቀን የነገረችው ነገር ግን ለደመናው ዱብ ዕዳ ሆነበት፤ ከትናንት ጀምሮ ጣልኩት ያለውን ኪኒን ራሷ መልሳ፣ በልኩ፣ ሰጠችው። «በአንድ ጊዜ መጣሉ ጀግንነት አይደለም፣ ሰውነትህን ሊጎዳው ይችላል። ደረጃ በደረጃ ነው የሚወረደው፣ እኔ እያየሁህ» አለችው። «መሰላል መውረድስ አውቃለሁ» አላት። ሳምንት ሳምንት እየሄደ አናጺው የወደቀበትን ቀን ይነግራታል፤ መጀመሪያ እንባ ነበር፣ ኋላ ቃል ሆነ። ቀላል አልነበረም። አንድ ጊዜ ጓደኛ ቤት ሄዶ ያንኑ ኪኒን ለምኖ ዋጠ፣ በማግስቱ ራሱ መጥቶ ተናገረ። ሚስቱ አኮረፈች፣ ቀጥሎ ቁርሱን ሰጠችው፣ ኑሮ ቀጠለ።

ክሬኑን ሌላ ኦፕሬተር ያዘው። ደመናው መሬት ላይ ከትራፊኩ ጋር ሰንሰለት ሲያስር፣ ጣውላ ሲደረድር ከረመ። «ደመና መሬት ሲወርድ ምን ይባላል?» ሲሉት፣ «ጉም» ይላቸዋል፤ የድሮ ምላሱ እየተመለሰ ነበር። ፎርማኑም ጠርሙሱን ለመተው እዚያው ሐኪሟ ዘንድ ይሄድ ጀመር፤ ተራ ሲጠብቁ ሁለቱ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይገናኙና እንደማይተዋወቁ ሰዎች አየሩን ያወራሉ።

ሥራው ላይም አንድ ነገር ተለመደ። ጠዋት፣ የመጀመሪያው ዕቃ ሳይነሳ፣ ሬዲዮ ያለው ሁሉ በተራ አንድ ቃል ይናገራል፤ ወይ «ተኝቻለሁ» ይላል፣ ወይ «አልተኛሁም።» አልተኛሁም ያለ ያን ቀን ከፍታ ላይ አይወጣም፣ ለምን ተብሎም አይጠየቅም። መጀመሪያ ሰሞን አሾፉበት፤ በያጁ «ተኝቼ ደግሞ አንኮራፍቻለሁ» ይል ነበር። አንድ ጠዋት ያው በያጅ ዝም ብሎ ቆየና «አልተኛሁም» አለ። ከዚያ ወዲህ ያሾፈ የለም።

ፎርማኑን ግን አንድ ነገር ነካው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም «ቶሎ» ብሎ አያውቅም። ሰው ሲያረፍድ ዝም፣ ሲሚንቶ ሲደርቅ ዝም። መጀመሪያ ደስ አላቸው፣ ኋላ ግን ከበዳቸው። የሚጮኽ ሰው ሲጮኽ ደህና መሆኑ ይታወቃል፤ የፈራ ፎርማን ግን ሁሉንም ያስፈራል። «ኧረ አንድ ቀን እንኳ ይስደበን» ይል ነበር የፌሮ ሠራተኞቹ አለቃ።

ሐኪሟ ትችላለህ ባለችው ሰሞን፣ ደመናው መሰላሉ ሥር ቆመ። ሰው ሁሉ ሥራ የያዘ መስሎ ሥራ አልያዘም። ትራፊኩ የወገብ ገመዱን አሰረለት፣ ስቦ ፈተሸ። «ላስቲኩስ?» አለው። ደመናው ከኪሱ አውጥቶ ሰጠውና ወጣ።

ከላይ ሬዲዮው ጠቅ አለ። «ተኝቻለሁ» አለ ደመናው። ሌሎቹም በተራ «ተኝቻለሁ» አሉ። የመጨረሻው ፎርማኑ ነበር፤ ቆይቶ፣ «ተኝቻለሁ» አለ።

የመጀመሪያው ዕቃ እስር ፌሮ ነበር፣ እንደዚያ ቀን። ትራፊኩ ሬዲዮውን ወገቡ ላይ ሰክቶ እጁን ዘረጋ፤ ማንም አላዘዘውም፣ እንዲሁ ፈለገ። አንሳ። ብረቱ ተነሳ፣ ዞረ፣ ከሕንጻው ራስ በላይ አልፎ ወደ ላይኛው ሶሌታ ሄደ። ቀስ። ቀስ። የፌሮ ሠራተኞቹ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁት። ትራፊኩ ጓ የሚለውን ድምፅ ለመስማት ጆሮውን አቆመ። ምንም አልተሰማም። ቀና ብሎ ሲያይ ብረቱ ጣውላው ላይ ተኝቷል፣ ሰንሰለቱም ረግቧል።

ትራፊኩ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣመረ። ከካቢኑ መስታወት ጀርባ ሁለት እጆች ተጣምረው መለሱለት። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ ቀርቷል።

ያኔ በሁሉም ሬዲዮ አንድ ድምፅ ወጣ፣ የራሱ የፎርማኑ የአፍንጫ ድምፅ።

«ምን አፋችሁን ከፍታችሁ ትቆማላችሁ? ሲሚንቶ አማት አይደለም። ቶሎ ቶሎ!»

ሳቁ ከላይኛው ሶሌታ ጀምሮ እስከ መጋዘኑ ድረስ ተቀባበለ። ትራፊኩ እየሳቀ፣ በዚህ ጊዜ እጁ ሥራ ፈት ስለነበር፣ ዓይኑን ጠረገና የሚቀጥለውን ሰንሰለት ለማሰር ሄደ።